ለጎጀብ የሚሆን መረብ እንዴት ይሞከራል?

ጎጀብ ከካፋና ከጅማ ደጋማ ስፍራዎች ውሃውን እየሰበሰበ፣ የሁለቱን ዞኖች ወሰን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ይወርድና ከኦሞ ይቀላቀላል። ከጅማ ወደ ቦንጋ የተጓዘ ሰው ሁሉ ድልድዩን ያውቀዋል። በኦሞ ላይ የተሠራው ጊቤ 3 ግድብ በጥር 2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከግድቡ በላይ ያለው ረጅም ሸለቆ ሐይቅ ሆኗል። በወራጅ ውሃ የኖረው ዓሣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሐይቅ ዓሣ መሆን ነበረበት። ሐይቅ ካለ ደግሞ ጀልባና መረብ ይከተላል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በጎጀብና በሐይቁ ዳር ለተደራጁ ወይም ሊደራጁ ላሰቡ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ለወረዳ የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያዎች፣ የመመረቂያ ጥናት ለሚፈልጉ ተማሪዎችም ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ መረብ በብዛት ተገዝቶ ልማድ ከመሆኑ፣ ገበያውም በእሱ ልክ ከመቆሙ በፊት ይሞከር። ሙከራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አስተካክሎ ማወዳደርን ነው፤ አብዛኛው ሙከራ ከንቱ የሚቀረውም እዚህ ላይ ነው።

ለምን እንደምቸኩል ጣና ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1986 ባሕር ዳር ላይ በኔዘርላንድስ ድጋፍ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይሎን መረብ ገባ። ጣና ከ15 የሚበልጡ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ያሉት ሐይቅ ነው፤ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። መረቡም የወንዙ አፍ ላይ ተዘርግቶ ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ፤ ታዳጊዎቹ ከዚያም በባሰ አሽቆለቆሉ። የእነዚህ ዓሦች ጠባይ ለጉዳት የተመቸ ነው፦ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ዘግይተው ለመራባት ይደርሳሉ፣ በአንድ ወቅት በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። በኦሞ ተፋሰስ የሚገኘው ቢልጫ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላቤዮባርበስ ኢንተርሚዲየስ፣ ከዚሁ ወገን ነው።

መጀመሪያ፦ የማይፈለገው ዓሣ የትኛው እንደሆነ ተስማሙ

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ በጀልባው ላይ ግን ጠብ የሚያስነሣው እሱ ነው። አምባዛን ውሰዱ። ቅርፊት ስለሌለው ብዙ የኦርቶዶክስ ምእመናን አይበሉትም፤ ገዢው በአብዛኛው ከእነሱ ወገን ለሆነ አስጋሪ አምባዛ መረብ የሚቀድድ ጣጣ ነው። ለሌላው ግን ትልቅና ሥጋማ፣ ከውሃ ወጥቶም ብዙ ሰዓት በሕይወት የሚቆይ ጥሩ ሸቀጥ ነው። ስለዚህ አስጋሪው፣ ገዢውና ዓሣውን የሚበልቱት ሰዎች ቁጭ ብለው ዝርዝር ያውጡ።

በእኔ እምነት በዝርዝሩ አናት ላይ መስፈር ያለባቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልተራባ ታዳጊ ቆሮሶ (ቲላፒያ) እና ታዳጊ ቢልጫ ነው። ሁለተኛው በክረምት ዕንቁላል ይዛ ወደ ጎጀብና ወደ ሌሎች ገባሮች የምትወጣ ቢልጫ ናት። ከእነዚህ ቀጥሎ ኤሊ፣ ዓሣ አዳኝ ወፎች፣ አቆስጣና ታዳጊ አዞ ይመጣሉ፤ መረብ ውስጥ የታፈነ ወፍም ሆነ አቆስጣ ለማንም አይጠቅምም። ትንንሾቹ፣ ድንጋይ ላይ የሚጣበቁት፣ ጋራ (Garra) የሚባሉት ዓሦችም አይዘንጉ። ከመካከላቸው ጋራ ጨበራ የተባለችው ከዚሁ ከኦሞ ተፋሰስ ተገኝታ ለሳይንስ የተገለጸችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ገና ቆጥረን ያልጨረስነው ውሃ ውስጥ መረብ እየዘረጋን መሆኑን አንርሳ።

ዓሣውን በክር ለኩ

አንድ ቦታ ተዘርግቶ ዓሣ ራሱ መጥቶ የሚጠመድበት መረብ የሚይዘው በርዝመት ሳይሆን በወገብ ነው። ጭንቅላቱ በዐይኑ ያልፋል፣ ገላው አያልፍም፣ ሲመለስ ክሩ ስንጥቡ ላይ ይጠልፈዋል። ስለዚህ የመረብ ዐይን ከመምረጣችሁ በፊት ቀጭን ክር ያዙና ከተያዘው ዓሣ ላይ ሁለት ነገር ለኩ፦ ከስንጥቡ ክዳን በስተኋላ ያለውን ዙሪያና ከሁሉ ሰፊ በሆነው ቦታ ላይ ያለውን ዙሪያ። ከዚያ ርዝመቱን፣ ክብደቱን፣ ሆዱ ሲከፈትም ዕንቁላሉ ወይም የወንዴው ዘር ከረጢት የደረሰ መሆኑን መዝግቡ። ከአንድ ዝርያ መቶና ከዚያ በላይ ዓሣ በዚህ መንገድ ከተለካ፣ ዓሣው ለመራባት የሚደርስበትን መጠን በእጃችሁ አገኛችሁት ማለት ነው። ከሌላ ሐይቅ የተወሰደ ቁጥር አይተካውም፤ ቆሮሶ ምግብ ባነሰበትና ጫና በበዛበት ውሃ በትንሽነቱ መራባት ይጀምራል።

የዐይኑ ስሌት እንዲህ ነው። መረቡ ተጎትቶ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ 10 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ከሆነ የዐይኑ ዙሪያ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሁሉ ሰፊው ዙሪያው ከ20 የሚያንስ ዓሣ ሾልኮ ይወጣል። መረቡ አብልጦ የሚይዘው ደግሞ ዙሪያው ከዐይኑ ዙሪያ በሩብ ያህል የሚበልጠውን፣ ማለትም 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ነው። ሩሲያዊው የማስገር ተመራማሪ ባራኖቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያስተዋለው ሕግ ዛሬም ይሠራል፦ የዐይኑ መጠን ባደገ ቁጥር የሚያዘው ዓሣ መጠን በዚያው ልክ ያድጋል። ስለዚህ እንዲያመልጥ የምትፈልጉትን ዓሣ ዙሪያ ካወቃችሁ፣ ለሙከራ የሚሆነውን ዐይን ወረቀት ላይ ማስላት ትችላላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በመረቡ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። አንዳንዱ አምራች የሚጽፈው የዐይኑን አንድ ጎን ብቻ ነው፤ ያ ከሙሉው ግማሽ ነው። አሥር ዐይኖችን በአንድ ላይ ጎትታችሁ ለኩና ለአሥር አካፍሉ። መረቡ ውሃ ከነካ በኋላም ድገሙት።

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ

መረብ የሚሻሻልባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ዐይኑን ማስፋት አንዱ ነው። ሁለተኛው አሰቃቀሉ ነው። 100 ሜትር የተዘረጋ መረብ በ50 ሜትር ገመድ ላይ ሲታሰር ልል ሆኖ ይንጠለጠላል፣ ዓሣውንም በስንጥቡ ከመያዝ አልፎ ይጠቀልለዋል፤ ኤሊውም አምባዛውም ትንሹም ትልቁም ይተበተብበታል። ያው 100 ሜትር በ60 ሜትር ገመድ ላይ ቢታሰር ወጠር ይላል፣ መጠን ይመርጣል። ይህ ማሻሻያ አዲስ መረብ አያስገዛም፤ ገመድ ጨምሮ እንደገና ማሰር ነው። እኔ ከሁሉ በፊት እንዲሞከር የምመክረው እሱን ነው።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። አምባዛ ብዙውን ጊዜ ከሥር ስለሚሄድ፣ የእርሳሱ ገመድ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ከፍ እንዲል ቢደረግ በታች ያልፋል። ወፍ ካስቸገረ ደግሞ በተቃራኒው ከቡሾቹ ገመድ ማንጠልጠያ እየሠራችሁ መረቡን ከውሃው ገጽ ዝቅ አድርጉት። አራተኛው ክሩ ነው፦ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ይሁን ወይስ ነጠላ ፕላስቲክ? ነጠላው በውሃ ውስጥ ስለማይታይ ብዙ ይይዛል፣ ርካሽም ነው፤ ግን ተቀዶ ሲቀር ሳይበሰብስ ባለቤት አልባ ሆኖ ማስገሩን ይቀጥላል። በጣና ያስከተለው ችግር የታወቀ ስለሆነ ወደ ጎጀብ ባይገባ እመርጣለሁ።

በባሕር ላይ ሌላም መንገድ ተሞክሯል። የሽሪምፕ መረብ ውስጥ የሚገጠም የብረት ፍርግርግ የባሕር ኤሊን ወደ ውጭ ያወጣል። በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ አረንጓዴ መብራት የታሰረባቸው መረቦች፣ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደታተመው ጥናት፣ የሚጣለውን ዓሣና እንስሳ ክብደት በ63 በመቶ ቀንሰዋል። መብራቱ ለጊዜው ለእኛ አይደለም፤ ባትሪውን ማን ይሞላል? ጥናቱ የተካሄደበት መንገድ ግን ለእኛም ይሆናል፦ መብራት ያለውና የሌለው መረብ ጎን ለጎን ተዘርግተው ነበር።

ከእነዚህ መካከል በአንድ ዙር አንዱን ብቻ ቀይሩ። ዐይኑንም አሰቃቀሉንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ ውጤቱ ከየትኛው እንደመጣ አታውቁም።

እኩል መረብ ሥሩ

አዲሱ መረብ አሸነፈ ወይም ተሸነፈ የሚባልባቸው ብዙ ሙከራዎች የሚበላሹት በዚህ ነው። አስጋሪው ሁለት ዓመት የሠራበትን፣ የተጣፈና ጭቃ የለበሰ መረብ በአንድ ወገን፣ ከካርቶን የወጣውን በሌላ ወገን ይዘረጋል። አዲስ መረብ አዲስ በመሆኑ ብቻ በተሻለ ይይዛል። ስለዚህ የተለመደውንም ዓይነት አዲስ ግዙ። ከለውጡ በቀር ርዝመቱ፣ ከፍታው፣ የክሩ ውፍረትና ቀለም፣ የቡሽና የእርሳስ ብዛት አንድ ይሁን። በአንዱ ላይ ቀዳዳ ሲበዛ ሁለቱንም ጠግኑ። ገመዱ ላይ ባለ ቀለም ጨርቅ እሰሩ፤ በጨለማ የሚመዘግብ ሰው መለየት አለበት።

ከዚህ በፊት ግን ፈቃድ። የአገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ የክልሉን ደንብ ደግሞ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው በኅዳር 2014 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከቀድሞው ክልል የተወረሰውንና አዲስ የወጣውን መለየት ያስፈልጋል። ለሙከራ የምታስገቡት ዐይን ከሚፈቀደው የጠበበ ከሆነ የጽሑፍ ፈቃድ ሳትይዙ አትዘርጉ። የካፋ የደን ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ማዕከላዊ ክልሎቹ ለሙከራም ቢሆን የመረብ ቦታ አይደሉም። ቦንጋ የግብርና ምርምር ማዕከልና ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሰበታ ደግሞ ብሔራዊው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ከመጀመራችሁ በፊት ዕቅዳችሁን አሳዩአቸው፤ ከሙከራ በኋላ የሚሰጥ ምክር ያመለጠውን ሌሊት አይመልስም።

ቦታና ጊዜ

ሐይቁ ገና አዲስ ነው፤ ውሃ የዋጠው ዛፍ መረብ ይይዛል፣ ይቀድዳል። የኃይል ማመንጫ ስለሆነም ውሃው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ማታ በሦስት ሜትር ጥልቀት የዘረጋችሁት ጠዋት ሌላ ልክ ሊሆን ይችላል። ሲዘረጋም ሲነሣም ጥልቀቱን ለኩ። ጉማሬ የሚወጣበትን ዱካ ለይታችሁ ራቁ። በትንሽ ጀልባ ላይ ያለ የሕይወት አድን ጃኬት ማንም አይሣፈር፤ በቆላው ወባ ስላለ አጎበርም አይረሳ።

ሦስት ዓይነት ቦታ ምረጡ፦ ክፍት ሐይቅ፣ ዳር ያለ ሣራማ ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢ። በመጨረሻው ላይ መረቡ ከአንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር ፈጽሞ አይዘጋ፤ ለሙከራም ቢሆን ከውሃው ስፋት አብዛኛው ክፍት ይሁን። ወቅቱ ሁለት ይሁን፣ በጋና ክረምት። የበጋው ገበያ የሚበረታው በዐቢይ ጾም ነው፤ ዓሣ በጾም የሚበላው ሰው ብዙ ነውና። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የነሐሴው የፍልሰታ ጾም ነው፦ ፈላጊው ሲበዛ ቢልጫዋም ዕንቁላሏን ይዛ ወንዙን የምትወጣበት ወቅት ይገጥማል። ሙከራው ይህን ወቅት ካላካተተ ዋናውን ጥያቄ ሳይመልስ ቀረ ማለት ነው።

ዘርጉ፣ አንሡ፣ መዝግቡ

በአንድ ሌሊት የተለመደው መረብና የተሻሻለው መረብ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጥልቀት፣ በመካከላቸው ክፍተት ተትቶ ይዘርጉ፤ ካልተተወ አንዱ መረብ ዓሣውን ወደ ሌላው ይመራል። የትኛው በወንዙ በኩል እንደሚሆን ዕጣ አውጡ፣ በሚቀጥለው ሌሊት ቦታ ይቀያየሩ። አስጋሪ የሚያምንበትን መረብ ጥሩ ቦታ ላይ መዘርጋቱ ተንኮል አይደለም፣ የሥራ ደመ ነፍስ ነው፤ ዕጣው ይህን ያስተካክላል። ሁለቱ መረቦች በአንድ ሌሊት መዘርጋታቸው ሌላም ጥቅም አለው፤ ጨረቃም ትድመቅ፣ ጎጀብም በጎርፍ ይደፍርስ፣ ለሁለቱም እኩል ነው። ከምሽቱ እስከ ንጋት የሚቆዩበት ሰዓት አንድ ይሁን፤ ከንጋት በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ዞራችሁ እዩአቸው፤ ያን ጊዜ ከተያዘው ገና በሕይወት ያለ ሊገኝ ይችላል።

ሲነሣ ዓሣውን በአንድ ቅርጫት አትደባልቁ። መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ የመረቡ ዓይነት፣ የተዘረጋበትና የተነሣበት ሰዓት፣ ጥልቀቱ፣ የውሃው ጥራት ይግባ። ከዚያ እያንዳንዱ ዓሣ፦ ዝርያ፣ ርዝመት፣ ክብደት፣ በስንጥቡ ተያዘ ወይስ ተተበተበ፣ ሕያው ነው ወይስ ሙት። ባዶ የወጣ መረብም ይመዝገብ፤ ዜሮ ቁጥር ነው። እርሳስ ተጠቀሙ፣ የእስክሪብቶ ቀለም በውሃ ይሄዳል። ሕያው ሆኖ የተለቀቀው ዓሣ በእርግጥ ይተርፍ እንደሆነ ለማወቅ ጥቂቱን ውሃ ውስጥ በጠለቀ የመረብ ማቆያ ለ24 ሰዓት አቆዩና ቁጠሩ። ለቀቅነው ብሎ ማጽናናት ብቻውን አይበቃም።

ስሌቱ

በእያንዳንዱ ወቅት ቢያንስ 12 ሌሊት ያስፈልጋል እላለሁ፤ ምክንያቱም የአንድ ሌሊት ዕድል ሁሉንም ሊያሳስት ይችላል። ለእያንዳንዱ ሌሊት የትኛው መረብ በቁጥር ያነሰ ታዳጊ እንደያዘ ምልክት አድርጉ። በ12 ሌሊት ውስጥ የተሻሻለው 10 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ካሸነፈ፣ ይህ በአጋጣሚ ብቻ የመሆን ዕድሉ ከመቶ ሁለት ገደማ ነው፤ ሳንቲም 12 ጊዜ ወርውሮ አንበሳውን 10 ጊዜና ከዚያ በላይ እንደማግኘት ነው። 7 ጊዜ ብቻ ከሆነ ግን ምንም አልተረጋገጠም፤ ሌሊት ጨምሩ።

ቀጥሎ ዓሣውን በየሁለት ሳንቲ ሜትሩ ርዝመት ከፋፍላችሁ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ከተያዘው ስንቱን የተሻሻለው መረብ እንደያዘ አስሉ። ግማሽ ከሆነ ልዩነት የለም። የምትፈልጉት በትንንሾቹ ላይ ከግማሽ እጅግ ያነሰ፣ ለገበያ በደረሱት ላይ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መስመር ነው። ለስሌቱ መላምታዊ ምሳሌ ልስጥ፦ የተለመደው 40 ታዳጊና 30 ለገበያ የደረሰ፣ የተሻሻለው 10 ታዳጊና 27 የደረሰ ቢይዝ፣ ታዳጊው በ75 በመቶ፣ የገበያው በ10 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው።

ያ 10 በመቶ ቀላል አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ የሳምንት ወጪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን በዓሣ ቁጥር ብቻ አታቅርቡ፤ በኪሎና በብር አስቀምጡት። መረቡን ከትንንሽ ዓሣ ለማላቀቅ የሚባክነው ሰዓት፣ የሚቀደደው ክር፣ ትልቅ ዓሣ በኪሎ የሚያወጣው የተሻለ ዋጋ ሁሉ ይግባ። በሙከራው ወቅት የሚጎድለውን ገቢም አስጋሪው ብቻውን እንዲሸከም አትጠብቁ። የነዳጅና የመረብ ወጪ ከሙከራው በጀት ይሸፈን፣ የተያዘው ዓሣም የእሱ ይሁን። ያለዚያ ሙከራው ሲያልቅ የተሻሻለው መረብም ይጣላል።

ውጤቱ ሲሰበሰብ አስጋሪዎቹ ራሳቸው መዝገቡን ይዘው ይናገሩ። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ወንዝ ውስጥ መጨመር ትንሹን ከትልቁ ሳይለይ እንደሚገድል ለመንደር ሰው ማስረዳትም ከእነሱ አፍ ቢሆን ይሰማል። የመዝገቡን ቅጂ ለወረዳው፣ ለቦንጋና ለሰበታ የምርምር ማዕከላት ስጡ፤ ዋናው በአስጋሪዎቹ ማኅበር እጅ ይቆይ። የሙከራ መረቦቹ በሙሉ ተቆጥረው ከውሃ ይውጡ፣ የጠፋ ካለ በመልህቅ ተፈልጎ ይነሣ። ከጊቤ 3 በታች በኦሞ ላይ እየተገነባ ያለው የኮይሻ ግድብ ውሃ ሲሞላ ይኸው ጥያቄ እንደገና ይነሣል፤ ያን ጊዜ ለሚሰማሩት አስጋሪዎች መነሻ የሚሆናቸው የዛሬው መዝገብ ነው፤ ስለዚህ ርዝመቱ፣ ዙሪያውና የዐይኑ ልክ ሳይጠጋጋ፣ እንደተለካ ይጻፍ።